ስም ያልተሰጣቸው ድምፆች፦ የኮረስ መሣሪያዎች የቁልፍ ጥምረት፣ አስመሳይ ሶፍትዌሮችና ሳይመዘገብ የሚያልፈው የእጅ ዕውቀት

መግቢያ

የአንድን የድምፅ መሣሪያ አቅም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ በፊት ገጹ ላይ የተጻፈውን ይቆጥራል። አራት ቁልፍ ያለው መሣሪያ አራት ዓይነት ድምፅ፣ ሁለት ቁልፍ ያለው ደግሞ ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰጣል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አቆጣጠር ግን የሚለካው አምራቹ ያሰበውን እንጂ መሣሪያው የሚችለውን አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የኮረስ መሣሪያዎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ተጫዋቾችና የስቱዲዮ ባለሙያዎች በተናጠል እንዲጫኑ የታሰቡ ቁልፎችን ሁለትና ከዚያ በላይ አድርገው በአንድ ጊዜ በመጫን፣ በፊት ገጹ ላይ ስም ያልተሰጣቸውን ድምፆች አግኝተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም የቁልፎች ጥምረት የመሣሪያው ሕጋዊ አካል ነው የሚል ነው። ስለሆነም ስም የተጻፈባቸውን አቀማመጦች ብቻ የሚያስመስል ሶፍትዌር መሣሪያውን አጉድሎ ያቀርባል። የመሣሪያውን ስም ብቻ መዝግቦ የተጫዋቹን አጠቃቀም የሚተው የድምፅ ሰነድም እንዲሁ የጎደለ ነው። ጉዳዩ ከሩቅ አገር ፋብሪካ የመጣ ትንሽ የቴክኒክ ጥያቄ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከነፋስ መሣሪያ ኦርኬስትራ ወደ ኪቦርድ የተሸጋገረበት ዘመን ገና በአግባቡ ያልተጠና በመሆኑ፣ የዚያም ዘመን ተጫዋቾች በዕድሜ እየገፉ በመሆናቸው፣ ጥያቄው ለአገር ውስጥ ተመራማሪዎች አጣዳፊ ነው።

የኮረስ ድምፅ ባሕርይ

ኮረስ የሚለው ቃል የመጣው ከሕብረ ዝማሬ ነው። ብዙ ሰዎች አንድ ዜማ አብረው ሲያዜሙ የሁለት ሰዎች ድምፅ በፍጹም አንድ ሊሆን አይችልም። አንዱ በጥቂት ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል፤ የአንዱ ድምፅ በጥቂት ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ይላል። ጆሮ እነዚህን ጥቃቅን ልዩነቶች እንደ ስሕተት አይሰማቸውም፤ እንደ ብዛት፣ እንደ ስፋትና እንደ ሙላት ይሰማቸዋል። በጉራጊኛ ዘፈን አውጪው ሲያወጣ ተቀባዮቹ በጭብጨባ ታጅበው ሲቀበሉ የሚፈጠረው የድምፅ ግዝፈት ከዚህ ይመነጫል። ተቀባዮቹ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ቢያዜሙ ኖሮ ድምፁ ይጎላ ይሆናል እንጂ አይሰፋም ነበር።

የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ይህን ስፋት ከአንድ ድምፅ ለመፍጠር ይሞክራል። የገባውን ድምፅ ለሁለት ይከፍላል፤ አንዱን እንዳለ ያሳልፋል፣ ሌላውን በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ያዘገያል። የመዘግየቱን መጠን በዝግታ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሁለቱን መልሶ ያቀላቅላል። መዘግየቱ በተለዋወጠ ቁጥር የቅጂው የድምፅ ከፍታ ከዋናው በጥቂቱ ስለሚለይ፣ ጆሮ ሁለት ተጫዋቾች ያሉ ይመስለዋል።

ይህን በአነስተኛ ዋጋ የሚቻል ያደረገው በ1969 በፊሊፕስ ኩባንያ የምርምር ክፍል ሳንግስተርና ቴር የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት የባልዲ ቅብብል ሰርኪት ነው። ስሙ አሠራሩን ይገልጻል። እሳት ለማጥፋት የተሰለፉ ሰዎች ባልዲ ውኃ እንደሚቀባበሉ ሁሉ፣ በሰርኪቱ ውስጥ የተደረደሩ ካፓሲተሮች የኤሌክትሪክ ሙሌትን አንዱ ለሌላው ያቀብላሉ። ቅብብሉ ሲፈጥን መዘግየቱ ያጥራል፣ ሲዘገይ ይረዝማል። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1975 ጃዝ ኮረስ 120 የተባለውን ማጉያ፣ በ1976 ደግሞ ቦስ በተባለው ምልክቱ ሲኢ 1 የተባለውን የኮረስ ፔዳል ለገበያ ያቀረበው በዚህ ሰርኪት ላይ ተመሥርቶ ነው።

የለውጡን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። መዘግየቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ በ4 ሚሊ ሰከንድ ቢለወጥ፣ የቅጂው የድምፅ ከፍታ ከዋናው በ0.4 ከመቶ ይለያል። አንድ ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ቢከፈል ይህ ልዩነት ወደ 7 ሴንት ይጠጋል። ጆሮ ይህን እንደ መሳት ሳይሆን እንደ ሙቀት ይቀበለዋል። አሁን መዘግየቱ የሚለወጥበት ስፋት ወደ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ወደ 0.4 ሚሊ ሰከንድ ይቀነስ፤ ለውጡ ግን በሃያኛ ሰከንድ ውስጥ ይፈጸም። ውጤቱ 0.8 ከመቶ፣ ማለትም ወደ 14 ሴንት የሚጠጋ ይሆናል። ስፋቱ በአሥር እጥፍ ቢቀንስም ፍጥነቱ በሃያ እጥፍ ስለጨመረ የድምፅ ከፍታው ልዩነት በእጥፍ አደገ። በዚህ ጊዜ የሚሰማው የሰዎች ብዛት መሆኑ ይቀርና የሚርገበገብ ድምፅ ይሆናል። ፍጥነትና ስፋት በአንድ ላይ ሲለወጡ የድምፁ ዓይነት ራሱ ይለወጣል ማለት ነው። የቁልፎች ጥምረት የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ሁለት ቁልፍ አብሮ ሲጫን

ሮላንድ በ1979 ያወጣው ዳይሜንሽን ዲ የተባለው የስቱዲዮ መሣሪያ ለዚህ ጥናት ዋናው ምሳሌ ነው። በመሣሪያው ላይ ተጠቃሚው ፍጥነትን ወይም ስፋትን የሚያስተካክልበት የሚዞር ጉጠት የለም። ከማጥፊያው ሌላ ከ1 እስከ 4 ቁጥር የተሰጣቸው ቁልፎች ብቻ አሉ፤ እያንዳንዱ ቁልፍ በፋብሪካው የተወሰነ አንድ አቀማመጥ ይጠራል። መሣሪያው ሁለት የመዘግየት መስመሮችን በተቃራኒ አቅጣጫ በማንቀሳቀስ ግራና ቀኝን ስለሚያመዛዝን፣ ድምፁ ሳይወዛወዝ ይሰፋል። የተወደደውም በዚህ ነው።

የንድፉ ሐሳብ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሌላው እንዲነሣ ነበር። ይሁን እንጂ ቁልፎቹ ሜካኒካዊ ስለሆኑ ሁለት ጣት በአንድ ጊዜ ቢያርፍባቸው ሁለቱም ይያዛሉ። በስቱዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ካወቁ በኋላ ጥንድ ቁልፎችን መጫን የመሣሪያው የታወቀ አጠቃቀም ሆነ። በሒሳብ ሲታይ፣ እያንዳንዳቸው ሊጫኑም ላይጫኑም የሚችሉ አራት ቁልፎች 16 ሁኔታዎች ይኖሯቸዋል። አንዱ ምንም ያልተጫነበት፣ አራቱ በነጠላ የተጫኑበት፣ ስድስቱ በጥንድ የተጫኑበት፣ አራቱ ሦስት ሦስት ሆነው የተጫኑበት፣ አንዱ ደግሞ አራቱም አብረው የተጫኑበት ነው። አምራቹ ቁጥር የሰጠው ለነጠላዎቹ ብቻ ስለሆነ 11 ጥምረቶች ያለ ስም ቀርተዋል። አሥራ አንዱም የየራሳቸው ልዩ ድምፅ አላቸው ማለት አይደለም፤ አንዳንዶቹ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የትኞቹ እንደሚመሳሰሉና የትኞቹ እንደሚለያዩ የሚታወቀው ግን በመሞከርና በመስማት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1982 የወጣው የሮላንድ ጁኖ 60 ሲንተሳይዘር ነው። በዚህ ኪቦርድ ላይ አንድና ሁለት ተብለው የተለዩ ሁለት የኮረስ ቁልፎች አሉ። አንደኛው በሰከንድ ግማሽ ዙር ያህል፣ ሁለተኛው ከዚያ ጥቂት ፈጠን ብሎ ይወዛወዛል። ሁለቱም አብረው ሲጫኑ ግን ውጤቱ የሁለቱ አማካይ አይሆንም። ውዝወዛው በሰከንድ ወደ አሥር ዙር ተጠግቶ፣ ስፋቱ ጠብቦ፣ ግራና ቀኙም በአንድነት ተንቀሳቅሶ፣ የሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ ያለውን ኦርጋን የሚያስታውስ ርግብግብታ ይፈጠራል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ያው ኩባንያ ባወጣው ጁኖ 106 ላይ ይህ ጥምረት የለም፤ አንዱ ኮረስ ሲመረጥ ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱን ኪቦርዶች በኮረስ ቁልፎቻቸው ቁጥር ብቻ ያነጻጸረ ሰው እኩል ናቸው ይላል። በእጁ የተጫወተባቸው ግን አንደኛው ሦስት፣ ሌላው ሁለት ኮረስ እንዳላቸው ያውቃል።

ጥምረቱ ለምን አማካይ እንደማይሰጥ አንድ የሰርኪት ምሳሌ ያስረዳል። ምሳሌው የአንድን የተወሰነ መሣሪያ ንድፍ አይገልጽም፤ መርሑን ብቻ ያሳያል። አንደኛው ቁልፍ 100 ኪሎ ኦም፣ ሌላው 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ አንድ ነጥብ ያገናኛሉ እንበል። ሁለቱ አብረው ሲጫኑ ሬዚስተሮቹ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ውጤቱ ወደ 32 ኪሎ ኦም ይሆናል። ይህ ቁጥር ከሁለቱም ያነሰ ነው፤ በመካከላቸው የሚገኝ አይደለም። የውዝወዛው ፍጥነት በዚህ ሬዚስተር የሚወሰን ከሆነ፣ ጥምረቱ ከሁለቱም ነጠላ ቁልፎች የፈጠነ ውዝወዛ ይሰጣል። ስለዚህ የተጻፉትን አቀማመጦች አጥንቶ ያልተጻፉትን በግምት መሙላት አይቻልም። ጥምረቱ በራሱ መለካት ይኖርበታል።

አስመሳይ ሶፍትዌር ምን ይጥላል፣ ምን ይጠብቃል

እነዚህ መሣሪያዎች ዛሬ በቁጥር ጥቂት፣ በዋጋ ውድ ናቸው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በአዲስ አበባም ቢሆን፣ በኮምፒዩተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ወጣት እነርሱን የሚያውቃቸው በፕላግኢን መልክ ነው። ለእርሱ ፕላግኢኑ የመሣሪያው ቅጂ ብቻ ሆኖ አይታይም፤ ራሱ መሣሪያው ነው። ስለዚህ ፕላግኢኑን የጻፈው መሐንዲስ ያልጨመረው ሁሉ ለዚህ ወጣት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

የሶፍትዌር ልማድ ደግሞ ለመጣል የተመቸ ነው። ከብዙ አማራጮች አንዱን የሚያስመርጥ ማያ ገጽ ሲሠራ፣ አንዱ ሲመረጥ ሌላው በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። ፕሮግራመሩ አራቱን ቁልፎች አይቶ አራት አማራጭ ያለው ዝርዝር ብሎ ከተረጎማቸው፣ ኮዱ ንጹሕና ትክክል ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ይጎድላል። ጉድለቱ ስሕተት ሆኖ ስለማይታይ ማንም አያርመውም። ፕላግኢኑን ከመሣሪያው መመሪያ መጽሐፍ ጋር የሚያስተያይ መርማሪም ሁሉም ነገር ተሟልቷል ይላል።

ጠንቃቃ ገንቢዎች ይህን አስቀድመው ተረድተዋል። የዩኒቨርሳል ኦዲዮ ኩባንያ የዳይሜንሽን ዲ ፕላግኢን በኮምፒዩተሩ የሺፍት ቁልፍ አማካይነት ከአንድ በላይ ቁልፍ አብሮ ለመጫን ያስችላል። ቦስ የዳይሜንሽን ፔዳሉን ዲሲ 2 ደብልዩ በሚል ስም በአዲስ መልክ ሲያወጣ፣ ከአንድ በላይ ቁልፍ አብሮ መጫን እንዲቻል አድርጎታል። የጁኖ 60ን ኮረስ የሚያስመስሉት የታል ኩባንያ ፕላግኢኖችም አንድና ሁለት ቁልፎችን አብሮ ማብራት ይፈቅዳሉ። በእነዚህ ሥራዎች የተጠቃሚው ልማድ ወደ ንድፉ ተመልሶ ገብቷል፤ በጣት የተገኘው ነገር በኋላ በፋብሪካ ታወቀ።

የቆየው አብነት ከኮረስ ውጭ ይገኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻ የወጣው 1176 የተባለው የድምፅ መጠን መጭመቂያ 4፣ 8፣ 12 እና 20 የሚል ምጣኔ የተጻፈባቸው አራት ቁልፎች አሉት። የስቱዲዮ ባለሙያዎች አራቱንም አብረው ሲጫኑ መሣሪያው በየትኛውም ምጣኔ የማይገለጽ፣ ከበሮን የሚያስገዝፍና ድምፅን የሚያሻክር ጠባይ እንደሚያሳይ ደረሱበት። ዛሬ ይህ አጫጫን የራሱ ስም አለው፤ የመሣሪያው አስመሳይ ሶፍትዌሮችም ያካትቱታል። በ1176 ላይ ተቀባይነት ያገኘው ነገር በኮረስ ላይ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይበት ምክንያት የለም።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ

ድምፅን በቁልፍ ጥምረት ማብዛት ለኢትዮጵያ ሙዚቃ እንግዳ ነገር አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ ከመምጣቱ በፊት አኮርዲዮን ይህንኑ በአየርና በብረት ምላስ ይሠራ ነበር። በብዙ አኮርዲዮኖች ውስጥ አንድን ኖታ የሚያሰሙ ከአንድ በላይ ምላሶች አሉ፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ብሎ ይቃኛል። አንዱ በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 443 ጊዜ ቢርገበገብ፣ ጆሮ በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ውዝወዛ ይሰማል። ከኪቦርዱ በላይ የተደረደሩት መምረጫ ቁልፎች ሥራቸው የትኞቹ ምላሶች አብረው እንደሚሰሙ መወሰን ነው። የአኮርዲዮን ተጫዋች፣ ስሙን ባይጠራውም፣ የኮረስን አሠራር በእጁ ያውቃል።

ኃይሉ መርጊያ የዚህ ዕውቀት ሕያው ምሳሌ ነው። በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት በነበረው ዋልያስ ባንድ ውስጥ በኪቦርድ ተጫዋችነቱ ይታወቃል። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ለሙዚቃ ጉዞ ከሄደ በኋላ ኃይሉ በዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን የካሴት ሥራ ሲቀርጽ አኮርዲዮንን ከሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ሁሉንም ብቻውን ተጫወተ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት የድምፅ ማስፋት ዘመኖች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንደኛው በተለያየ ቅኝት የተሠራ ብረት ነው፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሰርኪት።

ካሴቱ ከዓመታት በኋላ ብሪያን ሺምኮቪትዝ በተባለ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ የገባው ባሕር ዳር ላይ ነበር፤ በ2013ም በድጋሚ ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። በእነዚያ ዓመታት መካከል ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። ሥራው እንደገና የተሰማው ካሴቱ ስለተረፈ ነው። ድምፁ የተገኘበትን መንገድ መጠየቅ የተቻለው ግን ተጫዋቹ በሕይወት ስለነበር ነው። የሁሉም ካሴት ታሪክ እንዲህ ባለ መልካም ዕድል አይጠናቀቅም።

ምሁራዊው ትኩረት እስካሁን ያረፈው ከዚያ ዘመን በፊት ባለው ሙዚቃ ላይ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ያሳተማቸው የኢትዮፒክስ አልበሞች በአብዛኛው ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ የነበረውን የሸክላ ዘመን ለዓለም አስተዋውቀዋል። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ግን ብዙውን ጊዜ የነፋስ መሣሪያዎች የጠፉበት፣ ኪቦርድ የተተካበት የውድቀት ዘመን ተደርጎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ኪቦርዱ እንዴት ተጫወተ፣ የጉራጊኛ ምት በከበሮ ማሽን ላይ እንዴት ተሠራ፣ የተቀባዮች ድምፅ በምን ተተካ የሚሉ ጥያቄዎች እምብዛም አልተጠየቁም። የካሴት ሽፋን የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲዎችን፣ የአቀናባሪውን ስም ሊይዝ ይችላል። የመሣሪያውን ስም የሚይዘው ከስንት አንዴ ነው። የቁልፉን አቀማመጥ ግን ፈጽሞ አይይዝም።

የአንድ መሣሪያ ድምፅ በአካሉ ብቻ እንደማይገለጽ የአገሩ ባህል ራሱ ያስተምራል። የበገና ነዛሪ ድምፅ የሚገኘው በአውታሩና በድምፅ ሳጥኑ ብቻ አይደለም፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ፣ እንዝራ፣ በትክክለኛው ቦታ ስትቀመጥ ነው። የበገናን ርዝመት፣ የእንጨቱን ዓይነትና የአውታሮቹን ቁጥር ዘርዝሮ እንዝራን የተወ ሰነድ ስለ በገና ተጽፎ ስለ በገና ድምፅ ምንም አልተናገረም። የኮረስ ቁልፎችን ስም ዘርዝሮ ጥምረታቸውን የተወ ሰነድ ከዚህ አይለይም።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥምረቶቹ አምራቹ ያላሰባቸው አጋጣሚዎች ስለሆኑ የመሣሪያው ባሕርይ ሊባሉ አይገባም የሚል ነው። ይህ አስተያየት የንድፍን ታሪክ ከአጠቃቀም ታሪክ ጋር ያምታታል። አምራቹ ምን አሰበ የሚለው የንድፍ ታሪክ ጥያቄ ነው፤ በሸክላና በካሴት ላይ የተቀረጸው ድምፅ ግን የአጠቃቀም ውጤት ነው። የሙዚቃ ተመራማሪ የሚያጠናው በዋናነት ሁለተኛውን ነው። ከዚህም በላይ ሰርኪቱ ያለ ብልሽት፣ በተመሳሳይ አጫጫን ተመሳሳይ ውጤት ደጋግሞ ከሰጠ፣ ያ ውጤት አጋጣሚ መሆኑ ቀርቶ ሊመረመር የሚችል ባሕርይ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። የዛሬ ፕላግኢኖች ፍጥነትንና ስፋትን በነፃነት ማስተካከል ስለሚያስችሉ፣ ማንኛውም ጥምረት በእነርሱ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ አሮጌ ቁልፎችን ማስመሰል አላስፈላጊ ነው ይባላል። በመርሕ ደረጃ እውነትነት አለው። በተግባር ግን የቁልፍ ጥምረት ፍጥነትን፣ ስፋትንና የግራና ቀኝ ግንኙነትን በአንድ ጊዜ ስለሚለውጥ፣ ውጤቱን የማያውቅ ሰው በነፃ ጉጠቶች ፈልጎ የማግኘቱ ዕድል ጠባብ ነው። ማለቂያ የሌለው ምርጫ ፍለጋን ሁልጊዜ አያቀልም። አንድ አቀናባሪ በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ጉራጊኛ ዘፈን ውስጥ ለኪቦርዱ ኮረስ ይፈልጋል እንበል። በሰከንድ ግማሽ ዙር የሚሄደው ኮረስ አንድ ዙር የሚጨርሰው በአራት ምት ነው፤ በሰከንድ አሥር ዙር የሚሄደው ጥምረት ግን በአንድ ምት ውስጥ አምስት ጊዜ ይመላለሳል። የመጀመሪያው ከዘፈኑ በስተኋላ እንደ ጥላ ይሰፋል፤ ሁለተኛው ከጭብጨባው ጋር ይርገበገባል። ሁለተኛው መኖሩን ያላወቀ አቀናባሪ የመጀመሪያውን ብቻ ሞክሮ ኮረስ ለፈጣን ምት አይስማማም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ካሴቶቹ ራሳቸው በአቧራና በእርጥበት እየተበላሹ ሳለ ስለ ቁልፍ ጥምረት መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ነው። ካሴቶቹን ወደ ዲጂታል መገልበጥ ቀዳሚ ሥራ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች አይሻሙም። ካሴት መገልበጥ መሣሪያ፣ ቦታና በጀት ይጠይቃል፤ አንድን አንጋፋ ተጫዋች በኪቦርዱ ፊት አስቀምጦ ይህን ድምፅ እንዴት አገኙት ብሎ መጠየቅ ግን የሚፈልገው መቅረጫ ስልክና የሚያውቅ ጠያቂ ብቻ ነው። በሚገባ የተቀመጠ ካሴት አሥር ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ሰው ግን ለመጠበቁ ዋስትና የለውም።

ምን ይደረግ

ከላይ ከቀረበው ክርክር ሦስት ተግባራዊ ሐሳቦች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው ለሶፍትዌርና ለኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪዎች ነው። የድምፅ መሣሪያ የሚያስመስል ፕሮግራም ሲሠራ እያንዳንዱ ቁልፍ ራሱን የቻለ ሁለት ሁኔታ ያለው ተደርጎ ይወከል፤ የሁሉም ጥምረት ውጤትም ከሰርኪቱ ስሌት ይምጣ እንጂ ከስም ዝርዝር አይምጣ። አራት ቁልፍ ያለውን የኮረስ ሰርኪት በአሥራ ስድስቱም ሁኔታዎች አስልቶ፣ የትኞቹ በጆሮ እንደሚለዩ በአድማጮች መፈተን ለአንድ የማስተርስ ጥናት የሚመጥን፣ ውድ ቤተ ሙከራ የማይጠይቅ ርእስ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ፣ የኮምፒዩተርና የምሕንድስና ትምህርት የሚሰጡና በጉራጊኛ ሙዚቃ አካባቢ የሚገኙ ተቋማት ለዚህ ጥናት ምቹ ናቸው፤ የሚፈተነውም ድምፅ የአውጪና የተቀባይ ዜማ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሐሳብ ለቤተ መዛግብት ባለሙያዎችና ለሙዚቃ ተመራማሪዎች ነው። የተቀረጸ ሙዚቃ ሲመዘገብ ከመሣሪያው ስም ቀጥሎ ስለ አጠቃቀሙ የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመር። መስመሩ በብዙ መዝገብ ባዶ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ባዶ መስመር ግን የሚታወቅ ጉድለት ነው፤ የሌለ መስመር ጉድለቱን ራሱን ይደብቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለዚህ ዓይነቱ ምዝገባ ወጥ መልክ ለማበጀት የሚችሉበት ቦታ ላይ ናቸው።

ሦስተኛው ሐሳብ ቃለ መጠይቅን ይመለከታል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በባንድና በስቱዲዮ ያገለገሉ ኪቦርድ ተጫዋቾች ሲጠየቁ፣ ጥያቄው ከማን ጋር ተጫወቱ በሚለው ብቻ እንዳይቆም ያስፈልጋል። ከተቻለ መሣሪያው ራሱ፣ ካልተቻለ ፎቶግራፉ ወይም ፕላግኢኑ በፊታቸው ይቅረብና እጃቸው የት ያርፍ እንደነበር ያሳዩ። በቃል የማይታወስ ብዙ ነገር በጣት ይታወሳል። ከአንዳቸውም ቁልፍ አብሮ የመጫን ልማድ ባይገኝ እንኳ ያ መልስ በራሱ መረጃ ነው፤ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ያንን የድምፅ ስፋት በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በአኮርዲዮን ልምድ ወይም በአጨዋወት ዘይቤ፣ ይፈልጉት እንደነበር ወደ መመርመር ይመራል።

እነዚህ ሦስት ሥራዎች በአንድ ሰው ወይም በአንድ የትምህርት ክፍል የሚያልቁ አይደሉም። ሰርኪት የሚያሰላው መሐንዲስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚፈለግ ከተጫዋቹ መስማት አለበት፤ ተጫዋቹን የሚጠይቀው የሙዚቃ ተመራማሪም ሁለት ቁልፍ አብሮ ሲጫን ምን እንደሚፈጠር ከመሐንዲሱ ሊማር ይገባል። ሁለቱ ሳይገናኙ ከቀሩ፣ የመጀመሪያው በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን ብቻ የሚያስመስል ፕሮግራም ይጽፋል፣ ሁለተኛው በካሴት ሽፋን ላይ ያለውን ብቻ ይገለብጣል። በፊት ገጹ ላይ ያልተጻፈው ነገር በሁለቱም ሥራ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።